ቅሬው በቁሜ መጣ

ሰላምታ ያበዛ ሾፌር ዕቃ ደብቋል። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ከከሚሴ ወጣ ብሎ በነበረው ኬላ መኪና ስፈትሽ በኖርኩባቸው ዓመታት በራሴ የደረስኩበት ነው። ንጹሕ ሰው «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ ወረቀቱን ይሰጥና ዝም ይላል። ከከሰሉ ሥር የዓረብ ጨርቅ ያጨቀ ግን ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ልጅ እንደሌለኝ እያወቀ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል። እኔም ሰላምታው ሲረዝም ሹል ብረቴን አንሥቼ ጆንያውን እወጋው ነበር።

መጠርጠር ሥራዬ እንጂ ጠባዬ አልነበረም ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ሥራውና ጠባዩ አብረው አረጁ። ሚስቴ ሉባባ «አንተ እኮ የገዛ ጥላህንም ኬላ ላይ ታቆመዋለህ» ትለኝ ነበር። ያ ጥርጣሬ አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ እንዴት አድርጎ እንዳሰቃየኝና መጨረሻው ምን ላይ እንደጣለኝ ላጫውታችሁ።

እግሬን የወሰደው ያው ኬላ ነው። ፍሬኑ እምቢ ያለው የጭነት መኪና ማገጃውን ሰብሮ መጣና ግራ እግሬን ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ። በአካል ጉዳት ጡረታ ወጣሁ። ጡረታን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማሽላው ይጨምራል፣ ዘይቱ ይጨምራል፣ የቤቱ ኪራይ ይጨምራል፤ እሱ ግን የተቸነከረ ይመስል ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከሱሪም ጋር ያኔ ተለያየሁ። አንዱ እግሩ ባዶውን ሲወዛወዝ ማየት ስላልወደድኩ ሽርጥ ማገልደም ጀመርኩ።

ከእግሬ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነበር። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ቅሬው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከሣጥኑ አውጥቶ ለሐዘንተኛው ይሰጣል። ወንድ የተባለ ሁሉ ደግሞ ቃሬዛው ሥር ትከሻውን ያስገባል። «ተቀየር፣ ተቀየር» እየተባባሉ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተካ ነው ጀናዛው መቃብር የሚደርሰው። ክራንች የያዘ ሰው ቃሬዛ አይሸከምም። ጀናዛ በወጣ ቁጥር እኔ ከሴቶቹና ከምንጣፉ ጋር ድንኳን ውስጥ እቀር ነበር። አንድም ሰው ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ አለመናገራቸው ነበር የሚያመኝ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ነው። ባጃጅ ለከሚሴ ገና ብርቅ ነበር። ጉማጁ እግሬ እየቆሰለ አላስተኛ ስላለኝ ሉባባ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጉማጁን አገላብጦ አየው፣ ተጫነው፣ ስለ አኗኗራችን ጠየቀን። ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ?

«አባት፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን። እናት ትንሽ ይቆዩ።»

ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ። ሉባባ ስትወጣ በነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍናለች።

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል? ቁስሉን በጨው ውሃ እጠቢው አለኝ።»

«ለጨው ውሃ ነው በር የሚዘጋው?»

«ኧረ ተወኝ ይማሜ!»

ወሬ የማይጠግበው አፏ በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ተለጎመ። ሐርቡ ደርሰን የቆላው ሙቀት ፊታችንን ሲመታው እንኳ «ኡፍ» አላለችም። ዝምታዋን ያዝኩባት። ፈታሽ ያየውን ወዲያው አይናገርም፤ ሌላ ምልክት እስኪመጣ ይጠብቃል።

ሌላው ምልክት ብዙም አልዘገየ። በተከታዩ ጁምዓ፣ ሶላት እንዳበቃ፣ የቅሬያችን ዳኛ ሸህ አህመዲን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃፌ ቆሙ።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ይማም፣ አከም ጅርታ? ፈያ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ግቡ።»

«እንቅልፉስ? እህሉስ ይበላልሃል? ሉባባስ? ላሚቱስ ደኅና ናት?»

«ላም የለኝም፣ ሸህ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ተቀመጡ።

ወሎ ላይ ሰላምታ ቢረዝም አያስገርምም። የሌለችን ላም ደኅንነት ጠይቆ አላህን ማመስገን ግን ዕቃ የደበቀ ሰው ሥራ ነው። ብረቴ በእጄ ቢሆን ኖሮ እኔንጃ!

ሸሁ ከጋቢያቸው ሥር በአረንጓዴ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

«ይኸ ከቅሬው ነው። የአንድ ጊዜ እርዳታ ነው። አንተ ጡረተኛ ነህ፣ እግርህም እንደምናየው ነው። ተመካክረንበታል።»

ቀጥ አልኩ። ከብት ቢሞት፣ ቤት ቢቃጠል ጎረቤት ከየኪሱ ያዋጣል እንጂ የቅሬው ሣጥን ጀናዛ ሳይወጣ ተከፍቶ አያውቅም። አባቴም አያቴም የኖሩት በዚሁ ሕግ ነው።

«ሸህ፣ በዚህ ቤት ማን ሞተ?»

ሦስቱም ተያዩ።

«አዑዙቢላህ! ምን ይላል ይኸ ሰው? ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ቅሬ ከመቼ ወዲህ ነው ለቋሚ ሰው የሚሰጠው?»

«ከዛሬ ወዲህ።»

«ለምን?»

«አላህ ሰበብ ሲያደርገን ለምን አይባልም። እጃችሁን ዘርጉ፣ ዱዓ እናድርግ።»

ዱዓው ረዘመ። ጤናውን ለመኑልኝ፣ ሲሳዩን ለመኑልኝ፣ በመጨረሻ «ያ ረቢ፣ መጨረሻውን አሳምርለት» አሉ። ሽማግሌዎቹ «አሚን» ሲሉ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። እኔ ቋጠሮውን ሳይ «አሚን» ማለቱን ረሳሁት።

ሸኝቻቸው ስመለስ ሉባባ ጓዳ ውስጥ ቆማለች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ሽንኩርት ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

በቤታችን ሽንኩርት ካለቀ ሰንብቷል። እሱንም ያዝኩ። ቋጠሮውን ግን አልነካሁትም። አንሥታ ሣጥኑ ውስጥ ስትከተው «የእኔ ከፈን መግዣ ነው» የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ መጥቶም አልሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ አደም መጣ። አደም የድሮ የከሰል መኪና ሾፌር ነው። በየሳምንቱ ከአፋር በኩል ሲመጣ አስቆመው ነበር፤ በኋላ ሁለታችንም ከሥራ ስንገለል ወዳጅ ሆንን። ያን ጠዋት መጋዜን ይዞልኝ መጣ። መጋዙን ከተዋሰኝ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኔም ረስቼው ነበር።

«ይኸውልህ ንብረትህ» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ጢሙን ሲያሻሽ ቆይቶ «ይማም፣ አውፍ በለኝ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ከከሰሉ ጋር ጨርቅ ነበር።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ ነዋ! አንተ ጆንያውን ስትወጋ ጨርቁ በሸራው እጥፋት ውስጥ ነበር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወይ እስቃለሁ ወይ በክራንቼ እለዋለሁ። ያን ቀን ግን የታየኝ ሌላ ነው። ሰው ከሚሞት ሰው ላይ ነው ሐቁን አስቀድሞ የሚጨርሰው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብለህ ዛሬ ለምን ነገርከኝ?»

«ያው… ሳይለያዩ ይቅር መባባል ደግ ነው ብዬ ነው።»

«ማን ነው የሚለያየው?»

አደም ብድግ አለ። «ምላስ አይደል? ዝም ብሎ ይንሸራተታል» ብሎ ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዓይኔን ብቻ ጨፍኛለሁ። ሉባባ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች መጣች። ትንፋሿን ሰማሁ። ከዚያ አንድ ቀጭን ነገር ከወገቤ ተነሥቶ በደኅናው እግሬ ላይ እየሄደ ተረከዜ ላይ ቆመ። ክር ነው። ለካችኝ።

ለከፈን ሰው የሚለካው በክር እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዓይኔን እንደጨፈንኩ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። እሷም አላየችም፤ ክሩን ጠቅልላ ወጣች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሞትን ብቻ አልነበረም የፈራሁት። አላህ የሰጠውን አላህ ይወስዳል። ሐኪሙ፣ ሸሁ፣ አደም፣ ከተማው ሁሉ የማለፌን ወሬ ይዞ እኔ ብቻ ሳላውቅ መቅረቴ አንገበገበኝ። ጀናዛቸውን ያልተሸከምኩላቸው ሰዎች ሊሸከሙኝ ነው፤ እሱም አሳፈረኝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያች ሴት በዚህ ቤት ብቻዋን ስትቀር ታየኝ።

ማታ እራት ላይ አላስቻለኝም።

«ሉባባ፣ ልሞት ነው እንዴ?»

ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ።

«ማን አለህ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«የማይሞት ማን አለ? ሁላችንም እንሞታለን። ብላ!»

ይህ መልስ አይደለም። ኬላ ላይ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝን ሾፌር መኪናውን እስከ መጨረሻዋ ጆንያ አስወርደው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሉባባ ፌስታል ይዛ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። የገበያው መንገድ በስተቀኝ ነው፤ እሷ ወደ ግራ ታጠፈች። ክራንቼን አንሥቼ ተከተልኳት። ብታዩኝ ትስቁ ነበር። አስፋልቱ ዳር በቆሙት ሚኒባሶች እየተከለልኩ፣ ረዳቶቹ «ደሴ ነህ? ደሴ ነህ?» እያሉ ሲጎትቱኝ በክራንች እየመከትኩ፣ የገዛ ሚስቴን እንደ ሌባ እከታተላለሁ። ብብቴ ተላጠ። እሷ ግን ወደ ኋላ ሳትዞር ቀጥ ብላ ሄዳ ልብስ ሰፊው ከማል ሱቅ ገባች። ስትወጣ ፌስታሉ እጇ ላይ የለም።

እስክትርቅ ጠብቄ ገባሁ። ከማል የመኪናውን ፔዳል እየረገጠ ነበር፤ ሲያየኝ እግሩ ቆመ።

«ጋሽ ይማም! እንዴት ዋሉ? ደኅና ነዎት? ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል? ቤተሰብ—»

«ሰላምታህን አሳጥረው። ሚስቴ የሰጠችህን አውጣ።»

«የቷ ሚስትዎ?»

«ስንት ያለኝ መሰለህ? አውጣው!»

«አደራ ብላኛለች እኮ፣ ወላሂ…»

«ከማል፣ የራሱን ከፈን ማየት የማን ሐቅ ነው?»

ልጁ ዓይኑን አፈጠጠ። «ከፈን? የምን ከፈን?» አለና ከጠረጴዛው ሥር ፌስታሉን አወጣ። ነጥቄው ዘረገፍኩት።

ነጭ አልነበረም። ካኪ ነው። ወገብ አለው፣ ኪስ አለው፣ ገና ያልታጠፈ ጠርዝ አለው። ሱሪ ነው። አንሥቼ ብርሃኑ ላይ ዘረጋሁት። የመጀመሪያውን እግር አየሁ፣ ሁለተኛውን አየሁ። ሁለቱም ሙሉ ናቸው።

«ተሳስተሃል» አልኩት። «ሁለት እግር ሰፍተህበታል።»

«አልተሳሳትኩም፣ ጋሽ ይማም። እሷ ናት ሁለት አድርገው ያለችኝ። ጠርዙ እንዳይሳሳት ነው ዛሬ መልሳ ያመጣችው፤ ክሩም ይኸው አለ።»

ሱሪውን ይዤ ከሱቁ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ እግሬ ያወቀው ከእኔ በፊት ነው። ሸህ አህመዲን በመስጊዱ ግቢ ውዱእ አድርገው ክንዳቸውን እያደረቁ ነበር። ሱሪውን እፊታቸው ዘረጋሁት።

«ሸህ፣ አንቱም ከእነሱ ጋር አንድ ናችሁ። ይኸ ምንድን ነው? እውነቱን ካልነገራችሁኝ ከዚህ አልሄድም።»

ሱሪውን አይተው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ብዙ አልቆየም። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ደሴ ላይ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ አሉ። ሐኪሙ ይሆንለታል ብሏል፤ ግን ቁስሉ ቀድሞ መድረቅ አለበት። ካልደረቀ ተስፋ ሰጥታችሁ አትግደሉት ብሎ ነው ሉባባን ለብቻዋ ያናገራት። እግሩም፣ እስኪለመድ ደሴ መሰንበቻውም ወጪ አለው። ያንተ ጡረታ አይችለውም።»

«እና ቅሬው አዘነልኝ?»

«ቅሬው አላዘነልህም። ቅሬው የከፈለው ሐቅ ነው።»

«የማንን ሐቅ? እኔ በሕይወት አለሁ!»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ጨበጡት።

«ስብሰባችንን ጨርሰን ልንነሣ ስንል ሉባባ ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴት በወንዶቹ ስብሰባ ገብታ አታውቅም። ሐዘን የደረሰባት መስሎን ሁላችንም ብድግ አልን። ‹ተቀመጡ፣ ማንም አልሞተም፤ እኔ የመጣሁት የራሴን ሞት ልጠይቅ ነው› አለችን።»

«ሞቷን?»

«የአባል ሚስት ስትሞት ቅሬው ይከፍል የለ? ‹ለእኔ ቀብር የሚወጣውን አሁን ስጡኝ። ስሞት ድንኳን አትትከሉ፣ እህል አታምጡ፣ ሣጥናችሁን አትክፈቱ። ጉድጓድ ብቻ ቆፍሩልኝ› አለች። አንዳንዱ ሟርት ነው አለ። አንዱ ደግሞ፣ ለእግሩ ከሆነ ለምን ከራሱ ከይማም ቀብር አይሆንም አላት።»

«ምን አለች?»

«‹እሱ ከቀደመኝ የምቀረው እኔ ነኝ። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፤ ድንኳኑንም ሰዉንም እፈልጋለሁ። እኔ ከቀደምኩት ግን እሱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል? እግር ይኑረውና ይሸከመኝ› አለች። እዚያው ሣጥኑን ከፈትን።»

ሱሪውን አጥፌ ብብቴ ሥር ከተትኩት። ያን ያህል ቀን የሰው ፊት ስፈትሽ የከረምኩት ሞቴን ፍለጋ ነበር። ሞት በእርግጥ በቤቴ ነበር፤ ግን የእሷ ነው፣ ሸጣዋለች፤ በእሱ የገዛችውንም እኔ ተራ ሱሪ መስሎኝ በብብቴ ይዤዋለሁ።

ቤት ስገባ ሉባባ ማሽላ ታበጥራለች። ሱሪውን ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ከማል አፉ አያርፍ!»

«ሸሁ ናቸው የነገሩኝ።»

«እሳቸውም አያርፉ!»

«እንዴት ሳታማክሪኝ ሞትሽን ትሸጫለሽ?»

«ባማክርህ እሺ ትለኝ ነበር?»

«አልልም!»

«በል እንግዲህ።»

«እኔ እኮ… ልሞት መስሎኝ ነበር፣ ሉባባ። ስትለኪኝ ነቅቼ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ነጠላዋን አፏ ላይ ጎስጉሳ ትስቅ ጀመር። «ለከፈን!» ትልና ትስቃለች፣ «ይኸን ሁሉ ቀን ሞተህ ነው የከረምከው?» ትልና ትስቃለች። እኔ ግን አለቀስኩ። በእሷ ፊት ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቁስሉ ደረቀ። አደም አስቀድሞ «ሳይለያዩ» ያለው ለደሴው መንገድ ኖሯል፤ ሲሸኘኝ እንደገና አውፍ ጠየቀኝ፤ ያን ጊዜ አውፍ አልኩት። እግሩን ለመልመድ ብዙ ተሰቃየሁ፤ ግድግዳ ይዤ ወደቅሁ፣ ብረት ይዤ ወደቅሁ። ከሚሴ ላይ ሱሪ ለብሼ ከሚኒባስ ስወርድ ያው ረዳት «ደሴ ነህ?» አለኝ፤ «ከዚያው ነኝ» አልኩት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ መጠርጠር ተውኩ ብላችሁ አትመኑኝ። አሁንም ሰላምታ ሲረዝምብኝ ጆሮዬ ይቆማል። አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ። ሰው የሚደብቀው ክፉ ብቻ አይደለም፤ እንደውም ደጉን ነገር አጥብቆ ይደብቃል። በእናንተም ቤት ዓይኑ ቀልቶ «ሽንኩርት ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ከመፈተሻችሁ በፊት ትንሽ ታገሡት። ደግሞ ጡረታ የሚበላ፣ ደመወዙ የማይንቀሳቀስ፣ አካሉ የጎደለ ጎረቤት ካላችሁ፣ የቀብሩን ቀን አትጠብቁለት። የእኛ ቅሬ ያን ጊዜ አንዴ ሣጥኑን ለቋሚ ሰው ከከፈተ በኋላ መልሶ እንደ ድሮው አልዘጋውም።

ሉባባ ቀደመችኝ። ዓመታት አልፈው፣ በአጭር ሕመም። ሸህ አህመዲን በጣም አርጅተው ነበር፤ ሰዉን ሰብስበው «ቃል ቃል ነው። ድንኳን አይተከልም፣ ሣጥን አይከፈትም» አሉ። ድንኳን አልተተከለም። አደም ግን ያን የድሮ የከሰል መኪና ሸራውን አምጥቶ ደጄ ላይ ወጠረው። «ይኸ ድንኳን አይደለም፣ የመኪና ሸራ ነው» አላቸው። ጎረቤቱም እህሉን ተሸክሞ መጣ፤ «ለራሴ ምሳ ነው ያመጣሁት» ይላል እያንዳንዱ። ሸሁ አዩና ከሸራው ሥር ገብተው ተቀመጡ።

ካኪ ሱሪዬን ለብሼ ቃሬዛው ሥር ከፊት ገባሁ። ሰው ሠራሹ እግር በየእርምጃው ሲጢጥ ይላል። መስጊዱን እንዳለፍን አንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ተቀየር፣ ጋሽ ይማም» አለኝ።

«ገና ነኝ» አልኩት።

ዳገቱ ላይ ሌላው መጣና «ተቀየር» አለኝ። አደም ነው ከኋላ «ተዉት» ያላቸው። ከዚያ በኋላ እስከ መቃብሩ ድረስ የጠየቀኝ የለም።